የያዛችሁትን ብራናና ኪታብ ጠይቁኝ (ከደሴ፣ ዛሬ ማታ)

ጋሽ ጥራዝ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደተባባልነው ቁጭ ብያለሁ፣ ቡናውም ቀርቧል፣ ጀባ ብያለሁ። ለማታውቁኝ፣ ስራዬን የጨረስኩት በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ክምችት ክፍል ነው፣ ብራናው፣ የእጅ ጽሁፉ፣ የድሮ ደብዳቤው፣ አሮጌ ጋዜጣው የሚቀመጥበት ክፍል ማለት ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ነኝ። ዋጋ አልናገርም። ደግሜ ልጻፈው፣ ዋጋ አልናገርም። ፎቶ ስትልኩ ደግሞ የትኛው ደብር፣ የትኛው ቀበሌ፣ የማን ቤት እንዳለ በአደባባይ አትጻፉ፣ የሚያነበው ሁሉ ወዳጅ አይደለም። የፈረንጅ አመት ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ፣ ካላልኩ የኛው ነው። በሉ።

የወረኢሉ ልጅ፦ ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። አያታችን የተዉልን የብራና ዳዊት አለን፣ በቤተሰብ የስድስት መቶ አመት ነው ሲባል ነው ያደግነው፣ አንድ ገጽ ፎቶ ልኬያለሁ፣ እውነት ነው?

ጋሽ ጥራዝ፦ ከአንዲት ገጽ እድሜ ቆርጦ የሚነግርህ ካጋጠመህ ጠንቋይ ነው። ግን ፎቶህ ጥርት ያለ ስለሆነ የማየውን ልንገርህ። አጻጻፉ ጉልህ የምንለው ነው፣ ወፈር ክብ ያለው፣ እሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በጎንደር ነገስታት ጊዜ የተስፋፋ ስለሆነ ከስድስት መቶው ብዙ ቀንሱ፣ ቅር አይበላችሁ። ቁጥሮቹም ከላይና ከታች ሰረዝ አላቸው፣ በጣም በቆዩት ላይ ብዙ ጊዜ ያ ሰረዝ የለም። አሁን መጨረሻውን ገልብጥ። ጸሐፊው «በዘመነ ሉቃስ በመንግሥተ ኢያሱ» ብሎ ቢጽፍልህ ተገላገልኩ እንዳትል፣ የትኛው ኢያሱ? ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሰው አለ፣ ከ1730 እስከ 1755 እ.ኤ.አ. የነገሰው አለ፣ ዘውድ ያልጫነው የኛው የንጉስ ሚካኤል ልጅም አለ። ለዚህ ነው የጳጳሱን ስም ፈልጉ የምለው፣ ንጉሱና ጳጳሱ ሲገጣጠሙ ነው ዘመኑ የሚጠበው። ወንጌላዊው ደግሞ ያጣራልሃል፣ በኛ አቆጣጠር ያሰብከውን አመት 5500 ደምርበትና ለ4 አካፍለው፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው፣ ካልገጠመ አመቱን ተሳስተሃል ወይም የሆነ ሰው ቆይቶ የጨመረው ነው። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ በቆዩት ብራናዎች ላይ «ዓመተ ምሕረት» ሲል የዛሬው ላይሆን ይችላል፣ በ532 አመት የሚዞር ቀመር ነበራቸው፣ ዙሩ ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምራል፣ ስንቱ ሰው ነው ይሄን ሳያውቅ መጽሐፉን ሺህ አመት ያስረጀው።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ፊተኛውና ኋለኛው ባዶ ቅጠል ላይ ምን አለ? ህዳጉ፣ የገጹ ዳርና ዳር ያለው ባዶ ቦታ፣ ላይስ? ዳዊቱንማ በየደብሩ አለ፣ 150ው መዝሙር፣ መኃልየ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ባዶው ቅጠል ላይ «እገሌ ይህን መሬት ለእገሌ በዚህ ያህል አሞሌ ሸጠ፣ ዳኛው እገሌ፣ ምስክሩ እገሌ» ተብሎ የተጻፈው ግን ከዚያ ቅጠል ውጭ የትም የለም፣ ሌላ ግልባጭ የለውም። አገሩ ማዘጋጃ ቤትና ውልና ማስረጃ ባልነበረው ጊዜ ሰው ርስቱን፣ ስጦታውን፣ እዳውን፣ ኑዛዜውን የሚያስጽፈው ማንም የማይደፍረው መጽሐፍ ላይ ነበር። ንጉስ ላሊበላ የሰጠው የመሬት ስጦታ እስከዛሬ የሚነበበው የት ላይ ሆነና፣ ኤርትራ ሺመዛና ባለው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ወንጌል ላይ ነው፣ ወንጌለ ወርቅ በሚሉት። ስለዚህ ባዶዎቹን ላክ፣ የሚያምረውን ገጽ ተወው።

ሰርግ አዳራሽ ደሴ፦ ጋሽዬ ይሄ አይነቱ ዳዊት ባሁኑ ገበያ ስንት ያወጣል?

ጋሽ ጥራዝ፦ ከላይ አንብብ።

የኩታበር ዲያቆን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። በደብራችን ያለ አንድ ተአምረ ማርያም ጥራዙ ተፈትቷል፣ ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) አንዱ ተሰብሯል። የሰበካ ጉባኤው ከተማ ወስደን በዘመናዊ ማሽን እናስጠርዘው ብሎ ወስኗል፣ ገንዘቡም ተዋጥቷል፣ ምን ይላሉ?

ጋሽ ጥራዝ፦ ዲያቆን፣ በፈጠረህ አስቁማቸው! አስቁማቸው። የከተማው ጠራዥ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰለህ፣ ዳርና ዳሩ እኩል እንዲሆን በማሽን ይከረክመዋል፣ ከዚያ ሙጫ፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን። ስትረከቡት ያምራል። ግን ህዳጉ ላይ የነበረው ማስታወሻ ከቁራጩ ጋር ወለል ላይ ቀርቷል፣ ማን መጥረጊያ ይዞ እንዳወጣው እንኳ አታውቁም። በስራ ዘመኔ እንደዚያ ተከርክሞ የመጣ ወንጌል አይቻለሁ፣ የእያንዳንዱ መስመር ግማሹ ተቆርጦ «...ርስተ ጉልት ... ለቤተ ክርስቲያን...» ብቻ ቀርቷል፣ የማን ርስት፣ ለየትኛው ደብር፣ እግዜር ይወቀው። የኛ ጥራዝ ሙጫ የለውም፣ በጅማት ወይም በክር ጥራዙ ከጥራዝ፣ ጥራዙ ከገበታ እየተያያዘ ነው የሚሰፋው፣ ለዚህ ነው ብራናው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንደልቡ የሚንቀሳቀሰው። ሙጫ ስታደርግበት ብራናው ሲሳብ መተጣጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ገበታው ከተሰበረ ስባሪውን እንዳትጥሉ፣ ቀዳዳዎቹ ራሳቸው አሰፋፉን ይናገራሉ። አሁን የሚደረገው ቀላል ነው፣ የቅጠሎቹን ተራ ሳትነኩ ንጹህ ነጭ አቡጀዴ ጠቅልላችሁ በነጠላ ጥለት እሰሩት፣ ጠበቅ አታድርጉት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ አስተኙት። ከዚያ የድሮውን አሰፋፍ የሚያውቅ ደጓሽ፣ የብራና ጠራዥ፣ ፈልጉ፣ ወሎ ውስጥ አልጠፉም። ባይገኝም ይቆይ። ያልተጠገነ መጽሐፍ ይነበባል፣ የተከረከመ ግን አይመለስም። የሰበካው ሰዎች እምቢ ካሉህ እኔን ስልክ ላይ አገናኘኝ።

ሙዚየም ወዳጅ፦ ጋሼ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዲያቆን ሲነካው ነጭ ጓንት ማድረግ እንዳይረሳ፣ የእጅ ላብ ብራና ይበላል።

ጋሽ ጥራዝ፦ ጓንት አያስፈልግም። ንጹህ የታጠበ የደረቀ እጅ ይበቃል።

ሙዚየም ወዳጅ፦ ይቅርታ ግን ጋሼ በውጭ ሀገር ሙዚየሞች ቪዲዮ ላይ ሁሉም ነጭ ጓንት ነው የሚያደርጉት።

የአምባሰል ንብ፦ ቪዲዮ ላይ ሲሆን ነዋ የሚያደርጉት ሃሃሃ

ሙዚየም ወዳጅ፦ ስልጠና ወስጄ ነው የምናገረው፣ ከሆነ ፊልም ላይ አይቼ አይደለም።

የአምባሰል ንብ፦ እኔም ቅዳሴ ስሰማ ያደግኩ ነኝ፣ ካህናቱ ወንጌሉን በጓንት ሲያነቡ አይቼ አላውቅም፣ ይኸው ስንት መቶ አመት ቆየ።

ሙዚየም ወዳጅ፦ ቆየ ማለት አልተጎዳም ማለት ነው? ማዕዘኑን ተመልከትማ፣ ጥቁር ቅባት ሆኗል እኮ።

ጋሽ ጥራዝ፦ በቃችሁ። ማዕዘኑ መጥቆሩ እውነት ነው፣ የዘመናት ቅባትና ጧፍ ነው፣ ግን መልሱ ጓንት አይደለም። ጓንት ያደረገ ጣት የቅጠሉን ዳር አይሰማም፣ ሲገልጥ ይቀደዳል፣ የተላጠ ቀለም ደግሞ የጥጡ ክር ላይ ተያይዞ ይመጣል። ለአሮጌ ፎቶግራፍና ለብረት ነገር አዎ፣ ጓንት። ለብራናና ለወረቀት እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ አድርቅ፣ ቅባትም ሎሽንም እንዳይኖርበት። ጧፍና ሻማ ከአጠገቡ አርቁ፣ ከሰው እጅ ይልቅ ጧፍ ነው ስንቱን የፈጀው። ይሄን ርእስ እዚህ ላይ ዘጋሁት።

ሐይቅ ዳር ያደገች፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ነው፣ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ትልቅ ወንጌል አለ ሲባል እሰማለሁ፣ ሴት ስለሆንኩ መግባት አልችልም፣ ወንድሞቼ አይተው ሲያወሩልኝ እቀናለሁ። እንዴት ነው ማየት የምችለው?

ጋሽ ጥራዝ፦ እሰይ የኔ ልጅ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ታይዋለሽ፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ። የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ነው የሚባለው፣ አራቱ ወንጌል፣ በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. የተጻፈ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ ራሳቸው ለገዳሙ የሰጡት እንደሆነ ውስጡ ተመዝግቧል፣ ስዕላቸውም አለበት። እሳቸው እንግዲህ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩ፣ ከሳቸው በኋላም የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግስት ትልቅ ቦታ የነበረው፣ ይሄን ሁሉ ታውቂዋለሽ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የሚያነሳ ፕሮጀክት ነበር፣ ሰዎቹ በየገዳሙ እየዞሩ አነሱ፣ የፊልሙ ግልባጭ አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለ ሂል የሚባል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው እድሜያቸውን በሙሉ ካታሎጉን ሲሰሩ የኖሩት። የሐይቁ ወንጌል እዚያ ቁጥሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. (EMML) 1832 ነው፣ ፊደሎቹ የማይክሮፊልሙ ክምችት ምህጻር ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተመዝገቢና በዚህ ቁጥር ፈልጊ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን አታይም፣ ጽሁፉን ግን ታነቢዋለሽ። ስታነቢ ደግሞ ስዕሎቹ ላይ ብቻ እንዳትቀሪ፣ በየመሃሉና በየዳሩ የተጨመሩትን ማስታወሻዎች እያቸው። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. የደብረ ሐይቅን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 እ.ኤ.አ. ድረስ ተራ በተራ አስቀምጦ የጻፈው በእንዲህ አይነቱ ምንጭ ላይ ተመስርቶ ነው።

ሐይቅ ዳር ያደገች፦ አሁኑኑ ልመዘገብ ነው ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ!!

ላስታ ነኝ፦ የአለም የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው ማለት ነው?

ጋሽ ጥራዝ፦ ማን አለ እንደሱ?

ላስታ ነኝ፦ ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ።

ጋሽ ጥራዝ፦ እንግዲህ ፌስቡክን ጠይቀው። ከኛ ሀገር ብራና በጣም የቆየው አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ነው፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መሃል የሚወድቅ። የሐይቁ የሚከበረው አመቱና ባለቤቱ ውስጡ ተጽፎ በመገኘቱ ነው፣ በአንደኝነት አይደለም። አንደኛ ማለት ያለበት ሁሉ ይድከም፣ እኔ ደክሞኛል።

የወረኢሉ ልጅ፦ ጋሼ ሌላ ፎቶ ልኬያለሁ፣ እዚያው ዳዊቱ ውስጥ ንጉስ ዳዊት በገና ሲመታ ያለበት ስዕል፣ እሱስ ስንት አመቱ ነው?

ጋሽ ጥራዝ፦ ባዶዎቹን ላክ አልኩህ እኮ። ስዕሉን አይቼዋለሁ፣ ቀለሙ ከጽሁፉ ጋር አይሄድም፣ በጣም ያበራል፣ ከስሩም ፊደል ይታያል፣ አጉላውና ተመልከት፣ ከበገናው ክር ስር «እግዚኦ» የሚል አለ። የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ለቱሪስት ዋጋ ይጨምርልኛል ብሎ በጽሁፍ ላይ ስሎበታል። ይሄ የተለመደ ስራ ነው፣ አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ስዕል። ቤተሰብህን አልከስም፣ ቀድሞ የሆነ ይሆናል። ባዶዎቹን።

የቃሉ ሰው፦ አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። የአባቴ አባት ዓሊም ነበሩ፣ የተዉት ኪታብ አንድ ሳጥን ሙሉ ነው። ብዙው አረብኛ ነው፣ አንዳንዱ ግን ፊደሉ አረብኛ ሆኖ አረብኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጓደኛዬ ቢያየው አንድ ቃል አልገባውም። ምንድነው?

ጋሽ ጥራዝ፦ ወዓለይኩም ሰላም። አብሽር፣ ጓደኛህ ያልገባው አማርኛ ስለሆነ ነው! አጀሚ ነው። በአረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ የወሎ ዓሊሞች መንዙማውን፣ ተውሒዱን፣ ፊቅሁን ደረሳውና ገበሬው እንዲገባው ብለው በዚህ ነው የጻፉት። ይሄ ሀብት እንደ ብራናው አልተዘመረለትም፣ ልዩ ክምችት ሲባል የሁሉም ሰው አይን ስዕል ወዳለበት ወንጌል ነው የሚሄደው፣ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ኪታብ ግን፣ የሾንኬው፣ የዳናው፣ የጀማ ንጉሱ፣ የቃሉው፣ ሳጥን ውስጥ ብል ይበላዋል፣ ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል፣ በስራ ላይ እያለሁም ስጨቃጨቅበት ነው የኖርኩት። ሸኽ ጠልሃ ኢብን ጃዕፈር፣ አጼ ዮሐንስ ከ1878 እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊም ካልተጠመቅክ ሲሉ የተቃወሙት፣ ግጥማቸው በአጀሚ አማርኛ የተጻፈ ነው፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ ሲጽፉ በየመድረሳውና በየሸኹ ቤት ያለውን ጽሁፍ ባይፈልጉ ኖሮ የምናውቀው ግማሹ አይኖርም ነበር።

አነባበቡ ላይ፣ አይንህ ብቻውን አያነበውም። አረብኛ ሶስት አናባቢ ነው ያለው፣ አማርኛ ሰባት፣ እነ ጨ፣ ጰ፣ ኘም በአረብኛ ስለሌሉ ጸሐፊው በራሱ መንገድ ነጥብ ይጨምርላቸዋል ወይ በሚቀርባቸው ፊደል ይተካቸዋል፣ አንዱ ሸኽ ከሌላው ሸኽ ይለያል። ስለዚህ መንዙማውን በቃላቸው የያዙ አዛውንት ፈልግ፣ ኪታቡን ፊታቸው አድርግ፣ ስልክህን ቅጂ ላይ አድርግና ይበሉት። ጽሁፉና ድምጹ ሲገናኙ ነው የሚከፈተው። ሰዎቹ እያለፉ ስለሆነ እሱን ዘንድሮ አድርገው፣ ኪታቡ ትንሽ ሊጠብቅ ይችላል።

ሌላው፣ ቅጠሎቹ ያልተሰፉ ከሆነ ተራቸውን እንዳትበታትን፣ ከተበታተነም አትደንግጥ፣ ከገጹ ግርጌ በሰያፍ የተጻፈች አንዲት ቃል ታያለህ፣ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምረው በሷ ነው፣ በሷ እየመራህ ትገጥመዋለህ። ወረቀቱን አንድ ቅጠል ብቻ ወደ መስኮት ብርሃን ያዘውና ሶስት ግማሽ ጨረቃ በትልቅና ትንሽ ተራ ከታየህ፣ ጣሊያን ሀገር ተሰርቶ በኦቶማን ገበያ በኩል ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመጣ ወረቀት ነው፣ የዘመኑን ግምት ይረዳሃል። የሽፋኑን ውስጥና የመጀመሪያውን ገጽ እይ፣ ወቅፍ ያደረገው፣ ማለትም ለመስጊድ ወይም ለመድረሳ ለዘለቄታው የሰጠው፣ ሰው ስም፣ የልጅ መወለጃ ቀን በሂጅራ፣ የተበደረና ያበደረ፣ የረሀብ አመት፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። የወንጌሉ ባዶ ቅጠልና የኪታቡ ሽፋን አንድ አይነት ስራ ነው የሰሩት በኛ ሀገር። አርጅቷል ተብሎ በክብር ሊቀበር የተዘጋጀ ቅጠል ካለ ደግሞ አደራህን፣ ክብሩ እንዳለ ሆኖ ከመቀበሩ በፊት ፎቶ ይነሳ።

የቃሉ ሰው፦ ወላሂ አስለቀሱኝ ጋሼ። አያታችን ሽፋኑ ላይ የኛን አባት ልደት ጽፈዋል፣ አሁን ሄጄ አየሁት።

ጋሽ ጥራዝ፦ ይኸው! አባትህ መታወቂያ ላይ ካለው እድሜ ጋር አስተያየው፣ ሳይለያይ አይቀርም።

የተንታ አሞራ፦ መቅደላ አፍንጫችን ስር ነው ያለው። እንግሊዞች ከዚያ ስንት መጽሐፍ ነው የወሰዱት? ለምን አይመለስም?

ጋሽ ጥራዝ፦ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል ብራናዎች አሉ፣ ዊልያም ራይት ካታሎጋቸውን በ1877 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በየሰው ቤትና በየሌላው ቤተ መጻሕፍት የገባው ከዚህ ውጭ ነው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደና ለሁለት ቀን ጨረታ ወጣ።

የተንታ አሞራ፦ የወሎ ንብረት ነው፣ ወደ ወሎ ነው መመለስ ያለበት።

ቆብ አስጥል፦ ሄሄ የወሎ? አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው አይደል እንዴ መቅደላ መድኃኔዓለም ላሰሩት ቤተ ክርስቲያን ያከማቹት? ታሪክ አንብብ።

የተንታ አሞራ፦ ካነበብክ ከኛ ደብሮችም የተወሰደ እንዳለ ታውቃለህ።

ቆብ አስጥል፦ ማስረጃ?

ሰርግ አዳራሽ ደሴ፦ ቆይ እነዚያስ በጨረታው ስንት ነው የተሸጡት?

የአምባሰል ንብ፦ አይ አንተ ሰውዬ 😂

ጋሽ ጥራዝ፦ ተረጋጉ። ብዙው ከጎንደር መሰብሰቡ እውነት ነው፣ ግን የእያንዳንዱ መጽሐፍ ባለቤት በክርክር አይታወቅም፣ ህዳጉ ላይ ነው የሚታወቀው፣ «ዝ መጽሐፍ ዘደብረ እገሌ» ብሎ ራሱ ይናገራል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ብዙዎቹን በዲጂታል አውጥቷልና አንዳችሁ ከመጨቃጨቅ ሄዳችሁ የባለቤትነት ማስታወሻዎቹን እየለቀማችሁ ብትዘረዝሩ ለአስመላሹም ለተከራካሪውም ይጠቅማል። እኔን የሚገርመኝ የአጼ ዮሐንስ ደብዳቤ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገስት ይመለስልኝ ብለው ጠየቁ፣ ምክንያታቸውም የሀገሪቱ ህግ ያለበት መሆኑና የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም የተመዘገበበት መሆኑ ነበር፣ ያለሱ ህዝቤ አይታዘዘኝም አሉ። እንግሊዞቹም ከመቅደላ የሄደ ሁለት ክብረ ነገስት ስለነበራቸው አንዱን መለሱ። አያችሁ፣ ንጉሱ እንኳ የፈለጉት የሳባን ታሪክ ለማንበብ ብቻ አልነበረም፣ መዝገቡን ነው የፈለጉት።

ቆብ አስጥል፦ እሺ ይሄን አላውቅም ነበር።

መርሳ ፋርማሲ፦ ጋሼ ግሸን ያለውን፣ ስለ ግማደ መስቀሉ የሚተርከውን መጽሐፈ ጤፉት ማየት ይቻላል?

ጋሽ ጥራዝ፦ የገዳሙን አባቶች ጠይቁ። መስከረም 21 ግን ለመጽሐፍ አትሂዱ፣ ከሰው ብዛት የቆማችሁበትን አታዩም።

የደጋን ልጅ፦ ክታብ አለኝ፣ ረጅም ጥቅልል፣ እናቴ ብትከፍተው ይጎዳሃል ትላለች። ልክፈተው?

ጋሽ ጥራዝ፦ እናትህን አክብር። ከከፈትከው ግን በግድ አትዘርጋው፣ ብራናው ደርቆ ከሆነ ይሰነጠቃል።

የወሎ ተፈሪ፦ ሰላም ጋሼ፣ ቅድመ አያቴ ለንጉስ ሚካኤል አሽከር ነበሩ። ቤታችን ማህተም ያለበት ደብዳቤ አለ፣ ማህተሙ ላይ «ንጉሥ ሚካኤል» የሚል ይነበባል፣ አመተ ምህረቱ ግን በውሃ ጠፍቷል። መቼ እንደተጻፈ ማወቅ ይቻላል?

ጋሽ ጥራዝ፦ በጣም ይቻላል፣ ጥሩ አድርገህ ነው የጠየቅከው፣ ማህተሙን አንብበህ። ሚካኤል ራስ ሆነው ነው ብዙውን ዘመን የቆዩት፣ ንጉስ የተባሉት ልጃቸው ኢያሱ በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ሲያነግሷቸው ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ማህተሙ «ንጉሥ» የሚል ከሆነ ደብዳቤው በነዚህ ሁለት አመት ከምናምን ወራት መሃል ነው የተጻፈው፣ ከዚያ ውጭ የሆነ ቀን ከተነገረህ ተጠራጠር። ወረቀቱን ግን በስኮች እንዳትለጥፈው፣ ፕላስቲክ ላሚኔት እንዳታስደርገው፣ ፎቶ ቤቱ ላድርግልህ ቢልህም። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አይወጣም፣ ከውስጥ ነው የሚበላው። ንጹህ ነጭ ወረቀት መሃል አድርገህ ሳታጥፍ አስቀምጠው።

የወሎ ተፈሪ፦ ላሚኔት አስደርገን እኮ ነው ጋሼ 😔

ጋሽ ጥራዝ፦ እንግዲህ ይሁን፣ ለመላጥ ብቻ እንዳትሞክሩ። ሙቀትና ፀሀይ አታሳዩት።

ኮምቦልቻ 033፦ ጋሼ ዝናብ ገብቶበት የተጨማደደ ብራና በካውያ ቢተኮስ ችግር አለው?

ጋሽ ጥራዝ፦ ካውያ!! ቆዳ እኮ ነው፣ ይኮማተራል፣ ጥብስ ታደርገዋለህ። ፀሀይም አይሆንም። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ፣ በየቅጠሉ መሃል ንጹህ ጨርቅ እያስገባህ፣ ጨርቁ ሲረጥብ እየቀየርክ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ሽታ ካመጣ ከሌሎቹ መጻሕፍት ለየው፣ ሻጋታ ይዛመታል።

ሙዚየም ወዳጅ፦ ሻጋታ ላይ ግን ጓንትና ማስክ ማድረግ አለበት አይደል ጋሼ?

ጋሽ ጥራዝ፦ ሻጋታ ላይ አዎ። ለራሱ ጤና። ደስ ይበልህ።

ሐይቅ ዳር ያደገች፦ ጋሼ ተመዝግቤያለሁ፣ እያየሁት ነው!! ግን በመንደራችን ያለውን እኛ ራሳችን በስልክ ብናነሳስ እንዴት ነው የሚነሳው?

ጋሽ ጥራዝ፦ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ አንድም ገጽ ሳትዘሉ፣ ባዶ የሚመስለውንም። ባዶ የሚመስለውን በተለይ፣ የደበዘዘ ቀለም በስልክ ስታጎሊው ይወጣል። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው በግድ አትዘርጉት፣ ግራና ቀኙን በተጠቀለለ ፎጣ ደግፉት። ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን፣ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ከገጹ አጠገብ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ አራቱም ዳር ፎቶው ውስጥ ገብቶ። ህዳጉን የቆረጠ ፎቶ እኔ ዘንድ ፎቶ አይደለም። የገበታውን ውስጥ፣ ማህደሩንም፣ መጽሐፉ የሚያዝበትን የቆዳ ከረጢት፣ አንሱ። የባለቤቱን ፈቃድ ሳትይዙ ግን እንዳትጀምሩ፣ ካነሳችሁም በኋላ አንድ ግልባጭ ለራሱ ለባለቤቱ ስጡት፣ ብዙ አጥኚ ይሄን ስለማያደርግ ነው ሰው ሳጥኑን የሚቆልፍብን።

የሐርቡ እህት፦ ጋሼ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ አስቸኳይ ነው። ሰፈራችን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች እየዞሩ አሮጌ ኪታብና ብራና በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን ይላሉ። አጎቴ ሊሸጥ ነው፣ ድርቅ ስለነበር ቤታቸው ተቸግሯል፣ ምን ልበለው?

ጋሽ ጥራዝ፦ እህቴ፣ በቀን ገንዘብ ቆጥረው ሰጥተው ሌሊት መኪና የሚጭኑትን አውቃቸዋለሁ። ቅጠል በቅጠል ገንጥለው ነው የሚሸጡት፣ ስዕል ያለበት ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ፣ የገጠር ስም ያለበትን ቅጠል ደግሞ ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ ይጥሉታል። የቅርስ አዋጁ 209/1992 አለ፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ወንጀል ነው፣ ሰዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ነው ደረሰኝ የማይሰጡት። አጎትሽን ግን በህግ አታስፈራሪው፣ የተቸገረ ሰው ነው። ዛሬ ማታ ሂጂና ሁሉንም ፎቶ አንሺ፣ ነገ ጠዋት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽህፈት ቤት ሄደሽ አስመዝግቢ፣ የተመዘገበ ነገር እነሱ መንካት ይፈራሉ። እዚያው ያሉትን ሸኽም አማክሪ፣ ወቅፍ የተደረገ ኪታብ ከሆነ የአጎትሽ ብቻ ስላልሆነ አይሸጥም፣ የመጀመሪያውን ገጽ እዪ። ለቤቱ ችግር ዘመድ ተሰብሰቡ፣ እኔም የምችለውን አዋጣለሁ፣ ቁጥርሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ሰርግ አዳራሽ ደሴ፦ ግን ሰዎቹ ለአንዱ ስንት ነው የሚሰጡት?

ጋሽ ጥራዝ፦ አንተን ነው ማገድ ያለብኝ መሰለኝ። የወረኢሉ ልጅ፣ ባዶዎቹ አሁንም አልደረሱኝም። የኩታበር ዲያቆን፣ ሰበካው ምን አለ?

የኩታበር ዲያቆን፦ ሰብሳቢው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውሉልን ብለዋል መምህር፣ ገንዘቡን መልሰን ለአቡጀዴና ለሳጥን እናደርገዋለን፣ የተረፈው ደጓሽ እስኪገኝ ይቆያል።

ጋሽ ጥራዝ፦ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ሳጥኑን ከጽድ አሰሩት፣ ቀለምና ቫርኒሽ ግን ከውስጥ በኩል እንዳይቀባ።